«እሷ ጋ ይገባል፣ እኔ ጋ አይገባም»

የመጣው ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦

«ሰላም። በአንድ አነስተኛ አስመጪ ድርጅት ውስጥ የአይቲውን ነገር የማየው እኔ ነኝ። አዙር በሚባለው የማይክሮሶፍት ክላውድ ላይ ዊንዶውስ ሰርቨር 2019 የተጫነበት ቨርችዋል ማሽን፣ ማለትም በኢንተርኔት የምንጠቀምበት ኮምፒውተር፣ አለን። የሒሳብ ፕሮግራማችን ፒችትሪ ያለው እዚያ ላይ ነው። እኔና የሒሳብ ሠራተኛችን ከየቤታችን በሪሞት ዴስክቶፕ (የሩቅ ኮምፒውተርን ስክሪን ከፍቶ በሚያሠራው ፕሮግራም) እየገባን ሁለት ወር ያህል ያለ ችግር ሠርተናል። ሰኞ ጠዋት ግን እኔ ጋ እምቢ አለ። ትንሽ ያስብና ኮምፒውተሩን ማግኘት አልተቻለም ይለኛል። እሷ ግን ከቤቷ ትገባለች። ፒንግ ሳደርገው፣ ማለትም አለህ ወይ ብዬ ስጠይቀው፣ አይመልስም። ከፖርታሉ (ከአዙር ማስተዳደሪያ ገጽ) ሪስታርት አደረግኩት፣ ያው ነው። የላፕቶፔን ፋየርዎልም አጥፍቼ ሞከርኩ። እሁድ ማታ ሰፈራችን መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ግን ማሽኑ ክላውድ ላይ ስለሆነ የሚያገናኘው አይመስለኝም። አጥፍቼ እንደ አዲስ ልጫነው?»

ወንድሜ፣ ምንም አታጥፋ። የላፕቶፕህን ፋየርዎል አሁኑኑ መልሰህ አብራው። እሱ በተለመደው አሠራሩ የሚከለክለው ወደ አንተ የሚመጣውን ነው። አንተ ወደ ውጭ ስትወጣ መንገድ አይዘጋብህም።

መልሱን ደግሞ ራስህ ጽፈኸዋል። አንደኛው «እሷ ትገባለች» ያልከው ነው። ሁለተኛው አይመስለኝም ብለህ ያለፍከው መብራት።

እሷ ከገባች ማሽኑ በርቷል። የሪሞት ዴስክቶፕ አገልግሎቱም እየሠራ ነው። የሪሞት ዴስክቶፕ በር በሆነው በ3389 ፖርት ላይ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ አለ ማለት ነው። ስለዚህ ሪስታርት ያደረግከው ጤነኛውን ነው። ችግሩ ያለው በአንተ ቤትና በማሽኑ መካከል፣ መንገድ ላይ ነው።

አሁን ወደ መብራቱ እንሂድ። መብራት ሲጠፋ ራውተርህ ይጠፋል። ሲመለስ ራውተሩ ይነሳና ከኢንተርኔት አቅራቢው አድራሻ (አይፒ) ይጠይቃል። ቋሚ አይፒ ካልገዛህ ደግሞ የሚሰጥህ አድራሻ ከትናንቱ የተለየ ሊሆን ይችላል። አንተ ጋ ዋይፋዩ ያው ነው፤ ዩቲዩቡ ያው ነው፤ ምንም የተለወጠ ነገር አይታይህም። ከውጭ ለሚያይህ ግን ሌላ ሰው ሆነሃል።

ለሪሞት ዴስክቶፑ ሕጉን የጻፍክ ቀን አስታውስ። ፖርታሉ ለሪሞት ዴስክቶፑ በር ስትከፍት «ከየት የመጣ ይግባ?» ብሎ ይጠይቃል። «ማይ አይፒ አድሬስ» የምትል ምርጫ አለች። እሷን የመረጥክ ይመስለኛል፤ መልካም አደረግክ። ነገር ግን አዙር የመዘገበው የዚያን ቀን ቁጥርህን ነው። የግቢው ዘበኛ አንተን የሚያውቅህ በመኪናህ ታርጋ ነው እንበል። እሁድ ማታ ታርጋህ ተቀየረ። ሰኞ ጠዋት በሩ ላይ ጡሩምባ ብትነፋ ማን ይክፈትልህ? የባልደረባህም ታርጋ ተመዝግቦ ይሆናል፤ የእሷ ግን አልተቀየረም።

ይህን በግምት አትቀበለኝ፤ አረጋግጥ። ጎግል ላይ ገብተህ የራስህን አይፒ የሚያሳይ ገጽ ፈልግና ቁጥሩን ጻፍ። ከዚያ ፖርታሉ ላይ ማሽኑን ክፈትና ኔትወርኪንግ የሚለው ውስጥ ግባ። ወደ ውስጥ ለሚመጣ ትራፊክ የተጻፉ ሕጎች ተዘርዝረው ታገኛለህ። 3389ን የሚፈቅደውን ክፈትና «ሶርስ» በሚለው ሥር ያለውን ቁጥር አሁን ከጻፍከው ጋር አስተያይ። ካልገጠመ ነገሩ አለቀ።

ቁጥሩ ገጥሞ አሁንም ካልገባ፣ እነዚህ ሕጎች እንዴት እንደሚነበቡ ማወቅ አለብህ። እያንዳንዱ ሕግ የተራ ቁጥር አለው፤ የራስህ ሕጎች ከ100 እስከ 4096 ድረስ ይወስዳሉ። ትንሹ ቁጥር ቀድሞ ይነበባል። የሚመለከተው ሕግ እንደተገኘ ንባቡ እዚያው ይቆማል። አንድ ሰው 200 ላይ «ከልክል» ብሎ ጽፎ ከሆነ፣ አንተ 300 ላይ የጻፍከው «ፍቀድ» ማንም የማያነበው ወረቀት ነው። ከሁሉም መጨረሻ 65500 ላይ አዙር ራሱ ያስቀመጠው ሁሉን የሚከለክል ሕግ አለ። ሌላ ነገር ደግሞ አለ፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። የሕጎቹ ስብስብ በሁለት ቦታ ሊታሰር ይችላል፤ በሳብኔቱ (ማሽኑ ባለበት የኔትወርክ ክፍል) ላይም፣ በማሽኑ የኔትወርክ ካርድ ላይም። ሁለቱም ቦታ ካለ ሁለቱም መፍቀድ አለባቸው። አንዱን ከፍተህ ሌላውን ብትረሳው የግቢውን በር ከፍተህ የሳሎኑን ቆልፈሃል።

ዓይንህን ማድከም ካልፈለግክ አዙር ውስጥ ኔትወርክ ዋቸር የሚባል መሣሪያ አለ። በውስጡ «አይፒ ፍሎው ቬሪፋይ» የምትል ምርመራ አለች። የአንተን አይፒ፣ የማሽኑን አይፒና ፖርቱን ትሰጣታለህ፤ ይገባል ወይም አይገባም ብላ የወሰነውን ሕግ በስሙ ትነግርሃለች። እኔ ሕጎቹን አንድ በአንድ ከማንበቤ በፊት እሷን ነው የምጠይቀው።

ስለ ፒንጉ አትጨነቅ። በአዙር ላይ ካልከፈትክለት በቀር ፒንግ ከኢንተርኔት አይገባም፤ ያ 65500 ያልነው ሕግ ይበላዋል። ዊንዶውሱም በራሱ ፋየርዎል ሊከለክለው ይችላል። ባልደረባህም ፒንግ ብታደርገው ዝም ነው የሚላት፤ ግን እየሠራች ነው። የሚጠቅመው ፖርቱን ራሱን ማንኳኳት ነው። ፓወርሼል ክፈትና «ቴስት-ኔትኮኔክሽን» ብለህ የማሽኑን አይፒ፣ ከዚያ «-ፖርት 3389» ጻፍ፤ በእንግሊዝኛ ፊደል መሆኑን አትርሳ። መጨረሻ ላይ «ትሩ» ወይም «ፎልስ» ይልሃል። «ትሩ» ካለ መንገዱ ክፍት ነውና ከዚያ በኋላ ፋየርዎል የሚባል ነገር አትንካ።

እንግዲህ መፍትሔው ቀላል ነው። ሕጉ ውስጥ ያለውን አሮጌ ቁጥር በአዲሱ ተካ፤ አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቅና ግባ።

እዚህ ላይ ግን ቆም በል። በሚቀጥለው ጊዜ መብራት ሲጠፋ ይህን እንደገና ልታደርግ ነው። ሦስተኛው ላይ ይሰለችሃል። ያኔ «ሶርስ» የሚለውን «ኤኒ»፣ ማለትም ከየትም የመጣ ይግባ፣ አድርገው የሚል ሐሳብ ይመጣብሃል። ዩቲዩብ ላይ እንደዚያ የሚያሳዩ አሉ። እባክህ አታድርገው። እኔ አድርጌዋለሁ። ለሙከራ ለአምስት ደቂቃ ብዬ ከፈትኩና ስልክ ተደወለልኝ፤ ረስቼው አደርኩ። ጠዋት የሴኩሪቲ መዝገቡን ስከፍት ከላይ እስከ ታች 4625 ነበር፤ ይህ ያልተሳካ የመግቢያ ሙከራ የሚመዘገብበት ቁጥር ነው። «አድሚኒስትሬተር»፣ «አድሚን»፣ «ቴስት»፣ እያለ ስም እየቀያየረ ሲሞክር ያደረ አለ። እኔን የሚያውቀኝ ሰው እንዳይመስልህ። ኢንተርኔቱን በሙሉ እየዞረ 3389 የተከፈተበትን የሚለቅም ሮቦት ነው። በ2019 እንደ ፈረንጆቹ ብሉኪፕ የተባለው ቀዳዳ ሲገኝ ደግሞ ፓስዎርድ እንኳ ሳያስፈልግ ባልታደሱ የቆዩ ዊንዶውሶች ውስጥ መግባት እንደሚቻል ታይቷል። አንተ ጋ ያለው የድርጅት ሒሳብ ነው። አንድ ቀን ፋይሎቹ ተቆልፈው ገንዘብ አምጡ የሚል ጽሑፍ ብታገኝ ለአለቃህ ምን ትላለህ? ፖርቱን ከ3389 ወደ ሌላ ቁጥር መቀየርም ጫጫታውን ይቀንሳል እንጂ አይጠብቅህም።

ሌላ መጠንቀቅ ያለብህ ነገር፣ የጻፍከው አይፒ የአንተ ብቻ ላይሆን ይችላል። በሞባይል ዳታ ሆትስፖት ስትሠራ ብዙ ደንበኛ አንድ የውጭ አድራሻ ሊጋራ ይችላል። የራውተርህን ገጽ ከፍተህ ኢንተርኔት በሚገባበት በኩል ያለውን አይፒ እይ። በ10 የሚጀምር ከሆነ ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ ከሆነ፣ ጎግል ላይ ያየኸው ቁጥር የጋራ ሳይሆን አይቀርም። ያን ቁጥር መፍቀድ ማለት ለማታውቃቸው ጎረቤቶችህ ሁሉ በር መክፈት ነው።

ታዲያ ምን ይሻላል? አዙር ባስቲየን የሚባል አገልግሎት አለው። በብሮውዘር በ443 ፖርት ትገባለህ፤ 3389 ከውጭ ጨርሶ ይዘጋል። ግሩም ነገር ነው። ነገር ግን አብዛኛው ዓይነቱ ማንም ባይጠቀምበትም በሰዓት ይቆጥራል፤ ሒሳቡም በዶላር ነው። የዶላር ክፍያን ጣጣ ለአስመጪ ድርጅት ሠራተኛ አልነግርህም። ለሁለት ሰው እኔ ብሆን ማሽኑ ላይ ዋየርጋርድ የሚባል ቪፒኤን (በቁልፍ ብቻ የሚገባበት የግል መንገድ) እጭናለሁ። ነጻ ነው። ቁልፍ የሌለው ሰው ሲያንኳኳ ጭራሽ መልስ አይሰጥም፤ ስለዚህ ለሚዞረው ሮቦት ቤቱ ባዶ ይመስለዋል። ከውጭ የምትከፍተው የእሱን ፖርት ብቻ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ዩዲፒ 51820 ነው። ሪሞት ዴስክቶፑ ከዚያ በኋላ በዋየርጋርዱ ውስጥ ብቻ ያልፋል። ታርጋህ በየቀኑ ቢቀየር ግድ የለህም፤ የምትታወቀው በቁልፍህ ነዋ። ስትጭነው ግን አንድ ነገር፤ ዋየርጋርዱ መሥራቱን ከሁለታችሁም ቤት ሳታረጋግጥ አሮጌውን የ3389 ሕግ አትሰርዝ። ራስን ውጭ ቆልፎ መቅረት በዚህ ሙያ የተለመደ ነው።

አሁን ደግሞ ተመሳሳይ ነገር ገጥሟችሁ፣ ግን ባልደረባችሁም የማይገባላት ለሆናችሁ ጥቂት ልጨምር።

ማንም የማይገባ ከሆነ መጀመሪያ የምትጠይቁት ማሽኑ በርቷል ወይ የሚለውን ነው። የሚያስቅ ይመስላል። ግን አዙር ላይ ማሽን ሲፈጠር በራሱ እንዲጠፋ የሚያደርግ ምርጫ አለ፤ ሰዓቱን ካልነካችሁት ከምሽቱ 7 ሰዓት ብሎ ያስቀምጠዋል። በፈረንጅ አቆጣጠር፣ በዓለም አቀፉ ሰዓት ማለት ነው። ወደ እኛ ሲመጣ ማታ 4 ሰዓት ይሆናል። «በየማታው 4 ሰዓት ላይ ይቋረጥብኛል፣ ኔትወርኩ ነው» እያለ ለሳምንታት ሲያማርር የነበረ ሰው አውቃለሁ።

በርቶ የማይገባ ከሆነ «ቡት ዳያግኖስቲክስ» የሚለውን ክፈቱ። የማሽኑን ስክሪን ፎቶ ያሳያችኋል። አፕዴት እየጫነ ከሆነ ተዉት፤ ሻይ ጠጡ። መሃል ላይ ሪስታርት አድርጎ ዊንዶውሱን ያበላሸ ብዙ ነው። ፎቶው ላይ የተለመደው የመግቢያ ስክሪን ካለ ግን ማሽኑ ደህና ነው፤ የሚቀረው አገልግሎቱ ወይም የውስጥ ፋየርዎሉ ነው። እዚህም ላይ ሳትገቡ መሥራት ይቻላል። «ረን ኮማንድ» የሚባለው ውስጥ ተዘጋጅተው የተቀመጡ ትእዛዞች አሉ፤ «አርዲፒ ሴቲንግስ» የሚለው የሪሞት ዴስክቶፑን አቀማመጥ ያሳያል፤ ሌላው ፖርቱን፣ ሌላው ሰርቲፊኬቱን ያስተካክላል።

አንድ ምልክት ልንገራችሁ። ብዙ ጠብቆ ከሆነ አልቻልኩም የሚለው፣ የሆነ ፋየርዎል ጥያቄያችሁን ዝም ብሎ እየጣለው ነው። ወዲያው በቅጽበት ከመለሳችሁ ግን ብዙውን ጊዜ ማሽኑ ጋ ደርሳችኋል፤ ፖርቱ ላይ የሚጠብቅ ነው የሌለው። ያኔ አገልግሎቱ ቆሟል ወይም ፖርቱ ተቀይሯል።

ፓስዎርድ ጠይቆ የሚመልሳችሁ ከሆነ ኔትወርኩን እርሱት። ስሙን ከማሽኑ ስም ጋር አድርጋችሁ ጻፉ፤ አለበለዚያ የራሳችሁን ላፕቶፕ ስም ይዞ ሊሄድ ይችላል። ፒን የሚባለው ባለ ጥቂት ቁጥር መግቢያ በሪሞት አይሠራም፤ ዋናው ፓስዎርድ ነው የሚፈለገው። የአማርኛ መጻፊያችሁን ሳትዘጉ ፓስዎርድ እየጻፋችሁ እንዳይሆን ደግሞ እዩ፤ ነጠብጣቡ ስር «ሀ» ይሁን ሌላ አይታይም። ፓስዎርዱ ጊዜው ካለፈበትም በሪሞት በኩል ቀይሩ ሳይላችሁ ዝም ብሎ ሊመልሳችሁ ይችላል። ከፖርታሉ «ሪሴት ፓስዎርድ» አድርጉ። ክሬድኤስኤስፒ የሚል ቃል ያለበት ስህተት ከመጣ ደግሞ ከሁለቱ አንዱ ኮምፒውተር ከ2018 ወዲህ በትክክል አልታደሰም ማለት ነው። ያልታደሰውን አድሱት።

አንዱ ግን ሰፋ አድርጌ ልናገርበት የሚገባ ነው፤ ትንንሽ ቢሮዎችን እየደጋገመ ሲጥል አይቻለሁና። ዊንዶውስ ሰርቨር እንዳለ ሲጫን ለአስተዳደር ሥራ ተብሎ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ እንዲገባ ይፈቅዳል። ሦስተኛ ሠራተኛ ሲመጣ አንዱን አስወጣ ይላል። ያኔ የሆነ ልጅ ይጠራል፤ ሪሞት ዴስክቶፕ ሰርቪስ የሚባለውን ይጭናል፤ አምስትም ስድስትም ሰው መግባት ይጀምራል። ልጁ ተመስግኖ ይሄዳል። ያልተነገራችሁ ነገር ይህ ለ120 ቀን የተሰጠ ዱቤ መሆኑን ነው። ላይሰንስ ሳይገዛ 120ው ቀን ሲሞላ በአንድ ጠዋት ማንም አይገባም። ስህተቱ የላይሰንስ ሰርቨር የለም ይላል፤ ሰው ግን ሳያነበው «ኔትወርክ ነው» ብሎ ራውተር ያጠፋል፣ ያበራል። በዚህ ጊዜ የሪሞት ዴስክቶፑን ፕሮግራም «/አድሚን» ከሚለው ጋር፣ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ከፍታችሁ እንደ አስተዳዳሪ መግባት ትችላላችሁ። ከገባችሁ በኋላ ወይ ላይሰንሱን ግዙ፣ ወይ ያን አገልግሎት አውጥታችሁ ወደ ሁለቱ ሰው ተመለሱ። ሬጅስትሪ ውስጥ ገብቶ ቀኑን እንደገና ማስጀመር የሚሉትን ብልሃት እኔ አልመክርም፤ ሕጋዊም አይደለም።

ገብታችሁ ጥቁር ስክሪን ብቻ ከሆነ የምታዩት ኮንትሮል፣ አልትና ኤንድን አንድ ላይ ተጭናችሁ ታስክ ማናጀሩን ክፈቱ። በቪፒኤን ስትገቡ ብቻ የሚከሰት ከሆነ ደግሞ ዩዲፒውን አጥፍታችሁ በቲሲፒ ብቻ ሞክሩ።

ማሽኑ ክላውድ ላይ ሳይሆን የራሳችሁ ላፕቶፕ ላይ በቨርችዋልቦክስ ከሆነ፣ አይፒው 10.0.2.15 መሆኑን እዩ። ከሆነ ናት በሚባለው አቀማመጥ ላይ ነው፤ ከውጭ ወደ እሱ መንገድ የለም። ወደ ብሪጅድ ቀይሩት ወይም ፖርት ፎርዋርድ አድርጉለት።

ወደ አንተ ልመለስና፣ ጥያቄህ ውስጥ ያስደነገጠኝ ነገር «አጥፍቼ እንደ አዲስ» ያልከው ነው። ሪስታርት ብቻ ካደረግክ ምንም አልሆነም። ነገር ግን ፖርታሉ ላይ «ሪዲፕሎይ» የሚል ቁልፍ አለ፤ ማሽኑን ወደ ሌላ አካላዊ ሰርቨር ያዛውረዋል። ይህን ስታደርግ ጊዜያዊው ዲስክ ባዶ ይሆናል። «ስቶፕ» ብለህ ስታስነሳውም እንደዚያው ሊሆን ይችላል። ይህ ዲስክ ብዙ ጊዜ ዲ ድራይቭ ሆኖ ነው የሚታየው፤ ሰፊ ስለሚመስል ሰው ፋይል ይጥልበታል። ውስጡ መረጃ ሊጠፋ እንደሚችል የሚያስጠነቅቅ የጽሑፍ ፋይል አለ፤ የሚያነበው የለም። አሁኑኑ ለባልደረባህ ደውልላት። እሷ መግባት ትችላለችና የፒችትሪው ዳታ የትኛው ድራይቭ ላይ እንዳለ ትይልህ። ዲ ላይ ከሆነ ዛሬውኑ ወደ ሲ ወይም ወደ ሌላ ቋሚ ዲስክ ገልብጡት።

እግረ መንገድህንም ንገራት፣ ሥራዋን ስትጨርስ በኤክሷ ብቻ ዘግታ አትውጣ። በኤክስ ሲዘጋ ውስጥ ያለው ፒችትሪ ክፍት እንደሆነ ይቀራል፤ ፋይሉም ተይዞ ያድራል። «ሳይን አውት» ብላ ትውጣ።

አይፒውን ቀይረህ አሁንም እምቢ ካለህ ሦስት ነገር ላክልኝ፦ የ«ቴስት-ኔትኮኔክሽን» ውጤቱን፣ አይፒ ፍሎው ቬሪፋይ የነገረህን የሕግ ስም፣ እና የስህተቱን ጽሑፍ ቃል በቃል። የማሽኑን አይፒና ዩዘርኔም ግን እዚህ እንዳትጽፍ።